በግራው በኩል የተቀመጠችው

ሃልቮር ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንደሚተኛ ለማወቅ ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። አልጋዬ ከአልጋው ቢርቅ ሁለት እርምጃ ነው። ሲያንኮራፋ እየሰማሁ አድራለሁ፤ ጠዋት ሱሪውን ፍለጋ ሲራገም እሱንም እሰማለሁ። አንድ ቀን ነርሷን «ይህን የሚያህል ክፍል ለብቻዬ የሰጣችሁኝ ምን ብታስቡ ነው?» ብሎ ጠየቃት። ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ሃልቮር አልቀለደም ነበር። ስትሮክ የመታው በቀኝ በኩል ያለውን አንጎሉን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግራ የሚባል ነገር ከዓለሙ ወጥቶ ሄደ። ዓይኑ ደኅና ነው፤ ግራ የሚባል አቅጣጫ መኖሩን ግን ጭንቅላቱ ረስቶታል። ከሳህኑ የቀኙን ድንች ይበላና የግራውን ሳይነካ «ዛሬ ደግሞ ምነው ሰሰታችሁ?» ይላል። ነርሷ ሳህኑን ስታዞርለት ድንቹ ከሰማይ የወረደ ያህል ይገረማል። ጢሙን ሲላጭ ደግሞ የቀኝ ጉንጩን አጥርቶ ይላጭና ምላጩን አጥቦ ያስቀምጣል። የግራው ጢም እንደ በረሃ ቁጥቋጦ አድጎ ነበር።

ይህን ማየት ለእኔ ሥቃይ ነው። በዚህችው ትንሽ ከተማ፣ ወደቡ አጠገብ፣ አርባ ሦስት ዓመት ፀጉር አስተካክያለሁ። ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ከወንበሬ የተነሣ ሰው የለም። ተነሥቼ ምላጩን ልቀበለው እጄን ይበላኝ ነበር፤ ግን እኔም ተመትቻለሁ። የእኔ በግራው አንጎል በኩል ነው። ቀኝ እጄና ቀኝ እግሬ ሰነፉ፣ ንግግሬም ተወሰደ። የሚባለው ሁሉ ይገባኛል፤ ልመልስ አፌን ስከፍት ግን የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ሐሙስ»። ከቃል ሁሉ ሐሙስ ለምን እንደተረፈልኝ ሐኪሞቹም አያውቁም። ውኃ ሲጠማኝ ሐሙስ። እግሬን ሲያመኝ ሐሙስ። ስሜን ሲጠይቁኝ፣ ኤጊል ልል እየታገልኩ፣ ሐሙስ።

ወሬኛ ሰው ነበርኩ። የፀጉር አስተካካይ ግማሹ ሥራው ምላሱ ነው። ሚስት አላገባሁም፣ ልጅም የለኝም፤ የሚያዳምጡኝ ደንበኞቼ ብቻ ነበሩ። ማገገሚያ ቤቱ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱ መጡ። ተቀምጠው ስለ ዝናቡ አወሩ። እኔ ሐሙስ አልኳቸው። ተያዩና ካፖርታቸውን ለበሱ። ከዚያ ወዲህ የመጣ የለም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን ለሁለተኛ ጊዜ አልሄድም ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ቶሪል መጣች። የቶሪል ሥራ እንደ እኛ የተመታውን ሰው የዕለት ኑሮውን እንደገና ማለማመድ ነው፤ ሸሚዝ መቆለፍ፣ ዳቦ መቀባት፣ ድንች መላጥ። ስልሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት፣ አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። የሃልቮርን አገጭ በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ ብላ ወደ ግራ አዞረችው።

«ምን ታያለህ?»

«ግድግዳ።»

«እለፈው።»

«መጋረጃ።»

«ገና ነህ፣ እለፍ።»

ዓይኑ ዓይኔ ላይ ሲያርፍ ክው አለ። «የአምላክ ያለህ! ይሄ ሰውዬ መቼ ገባ?»

«ካንተ በፊት ነው የገባው። ኤጊል ይባላል» አለችው።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዘጋኝ?»

«ሐሙስ» አልኩት።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው እኮ ሰውዬ» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ሐሙስ ሆነ። መብራት ከጠፋ በኋላ፣ ወደ መስኮቱ እያየ፣ «ሐሙስ፣ አለህ?» ይለኛል። «ሐሙስ» እለዋለሁ። «እሺ፣ ደኅና እደር» ይላል። ወዳጅነታችን ይኸው ነበር። ለእኔ በዚያ ሰሞን ብዙ ነው።

ሃልቮር ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ሠላሳ አራቱን ዓመት መኪና በምታሻግር መርከብ ላይ ነው የሠራው፤ ወደ መርከቡ ሆድ የሚገቡትን መኪኖች በእጁ ግራና ቀኝ እያሳየ የሚያሰልፍ እሱ ነበር። ከሚስቱ ከተፋታ ቆይቷል። እሱንም የሚጠይቀው አልነበረም። ቶሪል ለሁላችንም የምታቀርበው አንድ ቅጽ አላት፤ እሱንም «ከዚህ ስትወጣ ምን ማድረግ መቻል ትፈልጋለህ?» አለችው።

«ምንም።»

«አንድ ነገር እንኳ አይጠፋም።»

«ምንም አልኩሽ። ጻፊው።»

ጻፈችው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እሑድ ልምምድ የለም፤ ክፍሎቹን የሚያዩት ሁለት ተተኪ ነርሶች ናቸው። በራችን ተከፈተና ሰባን ያለፈች፣ ቀጥ ያለች ሴት ገባች። ከዝናብ ልብሷ ውኃ ይንጠባጠባል። በሩ ከሃልቮር አልጋ በግራ በኩል ነው። ቦርሳዋን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማ «ሃልቮር» አለች።

ሃልቮር ሲደነግጥ አየሁት። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ቀኝ፣ አዞረ።

«ሃልቮር፣ እኔ ነኝ።»

ዓይኑን ጨፈነ።

በእኔና በእሱ አልጋ መካከል ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልብሷን አላወለቀችም። ሩብ ሰዓት ያህል የአንገቱን ጀርባ ስታይ ቆየች። በእኛ አገር ፊቱን ያዞረብህን ሰው አትለማመጥም፤ እሷም አልተለማመጠችም። ስትነሣ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ አወራችኝ።

«ወንድሜ ነው። ሳንነጋገር አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። ዛሬ ደክሞት ይሆን? ሌላ ቀን ብመጣ ይሻላል?»

ልነግራት ፈለግሁ። አያይሽም፤ ዙሪና በመስኮቱ በኩል ቁሚ። ይህን ሁሉ አፌ ላይ አዘጋጅቼ ከፈትኩት።

«ሐሙስ» አልኩ።

ፊቷ ፈካ አለ። «ሐሙስ ይሻላል? እሺ፣ ሐሙስ እመጣለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ከሄደች በኋላ አልጋዬን በቡጢ መታሁ፤ ወንበሩን እያሳየሁ ሐሙስ፣ ሐሙስ እያልኩ ጮኽኩ። ሃልቮር ግን ወደ እኔ በኩል አይዞርም። «ዛሬ እሑድ ነው። ተኛ» አለኝ። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም።

እውነትም ሐሙስ መጣች። የምትኖረው ደሴቱ ላይ ነው፤ በመርከብ ሃምሳ ደቂቃ፣ ከዚያ አውቶቡስ። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሠራተኞቹ ስብሰባ ይገባሉ፤ አሁንም የሚያገኛት ሰው አልነበረም። ያው በር፣ ያው ወንበር። ከቦርሳዋ አንድ ብልቃጥ ማርማላታ አውጥታ፣ ከረግረግ ከሚለቀመው ቢጫ ፍሬ የተሠራውን፣ በራስጌው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው፤ በግራው።

«በልጅነትህ ከምንለቅምበት ቦታ ነው ያመጣሁት» አለች።

ሃልቮር መስኮቱን እያየ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ።

በደኅናው እጄ እጅጌዋን ያዝኳት። ጎትቼ ወደ መስኮቱ በኩል አሳየኋት፤ እዚያ፣ እዚያ ሂጂ። እሷ ግን ጣቴን ተከትላ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«አዎ፣ እያየሁ ነው። ፊቱን እንዳዞረብኝ እያየሁ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ንገረው፤ ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ፤ ሦስተኛ የለም።»

መልእክት የተላከው በእኔ አፍ ነው።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ ብልቃጡን ለነርሷ አሳየኋት፤ ከየት መጣ ብላ እንድትጠይቅ ብዬ። «ማርማላታ አማረህ?» አለችና ከፍታ ዳቦ ላይ ቀባችልኝ። ሐሙስ! አልኳት። «እሺ እሺ፣ ትንሽ ልጨምርልህ።» ምን ላድርግ? በላሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ምግብ የለም።

ሳምንታት አለፉ። ቶሪል በሃልቮር ነገር ሁሉ ላይ፣ በሳህኑ፣ በጋዜጣው፣ በበሩ መቃን ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ፕላስተር ትለጥፋለች። «ቀዩን ሳታይ አታቁም» ነው ትእዛዟ። እሱም አንገቱን እንደ ዛገ በር እያንቋቋ ያዞራል። አንዳንዴ ያገኘዋል፤ አንዳንዴ ግማሽ መንገድ ላይ «አለቀ» ይላል። ግራ ትከሻው በየበሩ ከመጋጨት ብዛት በልዞ ነበር። እኔ ደግሞ ምስማር በተመታበት ሰሌዳ ላይ ድንች ሰክቼ በግራ እጄ መላጥ ተለማመድኩ። ሃልቮር የላጥኩትን አይቶ «ሐሙስ፣ የምንበላው ድንቹን ነው ልጣጩን?» ይለኛል።

ለንግግሬ በየቀኑ አንድ ሰዓት ከአንዲት ወጣት አስተማሪ ጋር እቀመጥ ነበር። ሥዕል ታሳየኛለች፤ እኔ ስሙን አጣለሁ። በአምስተኛው ሳምንት፣ የትንሽ ወንድሟን እጅ የያዘች ልጅ ሥዕል አወጣች።

«ይህቺ ለልጁ ምኑ ናት?»

«ሐሙስ።»

«አይደለም። እህ...»

«እህት» አልኩ።

ሁለታችንም ደነገጥን። እንደገና እንድለው ልትጠይቀኝ ስትል ተነሥቻለሁ። በዱላዬ እየተንገዳገድኩ በኮሪደሩ ወጣሁ፤ እሷ ካርዶቿን እንደያዘች ትከተለኛለች። «እህት፣ እህት» እያልኩ ሄድኩ፤ ዝም ካልኩ የምትጠፋብኝ መስሎኝ ነበር። ሃልቮር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሸሚዙን ይቆልፋል፣ ቶሪል ታየዋለች። በቀኙ በኩል ቆምኩ።

«እህት» አልኩት።

«የማን እህት?»

በዱላዬ ወንበሩን አሳየሁት። ቶሪል አንገቱን አዞረችለትና አየው። «ወንበር» አልኩ። ይህም መጣልኝ። «እህት። ወንበር። ሐሙስ።»

ሊስቅብኝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሙስ ስል ሐሙስ ማለቴ ነበር።

«እንግዳ መጥቶልህ ነበር እንዴ?» አለችው ቶሪል።

ሃልቮር ሸሚዙን በግማሽ ትቶ እጁን ጭኑ ላይ አኖረ።

«ድምፅ ሰምቼ ነበር» አለ። «የእናቴ ድምፅ። ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ስሜን ጠራችኝ። ወደ ድምፁ ዞርኩ፤ መስኮቱ ነው ያለው፤ ማንም የለም። ሐሙስ ደግሞ ተመልሳ መጣች። ጭንቅላቴ ጨርሶ ሄደ ብዬ ዝም አልኩ። ለእናንተስ ምን ብዬ ነው የምነግረው?» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እህቴ ራንዲ፣ ድምፅዋ እናታችንን እየመሰለ መሄዱን አላወቅሁም» አለ።

የጠባቸውን ነገር ያን ቀን ነገረን። እናታቸውን ስድስት ዓመት ያስታመመች ራንዲ ናት። ወገቧ አልችል ሲል አረጋውያን መኖሪያ አስገባቻት፤ እናትየው በሁለተኛው ዓመት እዚያ አረፈች። ከቀብር መልስ፣ ሰዉ ለምግብ በተቀመጠበት፣ ሃልቮር ተነሥቶ «እንደ አሮጌ ዕቃ አስቀመጥሻት። የገደላት ብቸኝነት ነው» አላት። ራንዲ ስኒዋን አስቀምጣ ወጣች።

«በነዚያ ሁለት ዓመታት እኔ ስንቴ ሄጄ እንደጠየቅኋት ታውቂያለሽ?» አላት ቶሪልን። «አራት ጊዜ። በመርከቡ ግን በየቀኑ በደጃፏ አልፍ ነበር።»

ቶሪል ቁጥሩን ደወለችለትና ስልኩን ጭኑ ላይ አኖረችው። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል።

«ራንዲ፣ ሃልቮር ነኝ።»

ከእሷ በኩል ወንበር ሲሳብ ተሰማ።

«አላየሁሽም እኮ።»

«ሁለት እርምጃ ላይ ነበርኩ፣ ሃልቮር።»

«ግራ በኩል... ግራ በኩል ለእኔ የለም።»

«ዓይንህን ታመምክ?»

«ዓይኔስ ደኅና ነው።»

«እንግዲያው» አለችና ዘጋችው።

«እኔ ደውዬ ላስረዳት» አለች ቶሪል።

«ተይ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።» ስልኩን መለሰላትና «ያን ቅጽሽን አምጪውማ» አላት። «ምንም ያልኩትን ሰርዢው። ደሴቱ ተሻግሬ ደጃፏ ድረስ በእግሬ መሄድ እፈልጋለሁ። ከመንገዱ ሰማንያ እርምጃ ይሆናል፤ ዳገት ነው።»

ከዚያ ወዲያ እንደ ሰው ሠራ። ደረጃ ወጣ፣ ወደቀ፣ ቶሪልን ሰደበ፣ ይቅርታ ጠየቀ። በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ሊሄድ ባለበት ጠዋት፣ ቶሪል ምላጩን ለእኔ ዘረጋችልኝ።

«ኤጊል፣ ግራ ጉንጩ ያንተ ነው። በግራ እጅህ።»

አረፋውን ቀባሁት። እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል፤ ሥራውን ግን አልረሳውም። ቆዳውን ወጠር፣ ምላጩን ጋደም። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ሃልቮር በመስታወቱ ውስጥ ራሱን ይፈልግ ጀመር፤ አፍንጫውን አለፈ፣ የከንፈሩን ጫፍ አለፈ፣ የተላጨውን ጉንጩን አገኘው። በጣቱ ዳሰሰው።

«አንድ ቦታ ብቻ ነው ያደማኸኝ» አለ። «ለሐሙስ ጥሩ ነው።»

እንደምንመጣ ሃልቮር ለራንዲ በደብዳቤ አስታውቋት ነበር። እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ቶሪል መኪናዋን መርከቡ ላይ ስታስገባ፣ በፊት ከሃልቮር ጋር የሠራ አንድ ጢማም ሰው አይቶት ሮጦ መጣ።

«አንተ ሽማግሌ! ጭነት ሆነህ መጣህ?»

«አሰላለፍህን ልመለከት ነው የመጣሁት። ያ ቀይ መኪና ተጣሞ ቆሟል።»

«በየት በኩል?»

«በቀኝ ነዋ። ግራውን እንደፈለግህ አድርገው» አለው። ሰውዬው በሳቅ ፈነዳ። መርከቡ ሲንቀሳቀስ ግን ሃልቮር ጉልበቱን በእጁ ጭምቅ አድርጎ ይዞ ነበር።

ዳገቱ በረዶ ለብሷል። ሃልቮር በዱላው፣ ቶሪል በግራው፣ እኔ ከኋላ። በመካከል እግሩ ከዳውና በረዶው ላይ ቁጭ አለ። ቀና ስል ራንዲ በመስኮት ታየናለች። አልወጣችም። ሃልቮር «አትንኩኝ» ብሎ ራሱ ተነሣ፤ ለመነሣት ብቻ አምስት ደቂቃ ፈጀበት። ስናንኳኳ በሩን ከፈተች፤ ልብሳችንን ተቀብላ ሰቀለች፤ ወንበር አሳየችን። ዋፍል፣ ጣፋጩን ቂጣ፣ ጋግራለች፤ ቡና ቀዳች።

ከዚያ ወንበሯን አንሥታ ዞረችና በሃልቮር ግራ ተቀመጠች። ቶሪል ልትናገር ስትል ራንዲ ጣቷን ከፍ አደረገች። ልትፈትነው ነው። በዚያ ቤት ውስጥ የሚሰማው ሰዓቱ ብቻ ነበር።

«የት ሄደች?» አለ ሃልቮር።

ምድጃውን አየ። እኔን አየ። የገበታውን ልብስ አየ። ከዚያ አንገቱ መዞር ጀመረ። ሳህኑን አለፈ፣ ስኒውን አለፈ። በየጊዜው ይቆማል፤ አለቀ ሊል ነው ብዬ እኔ ዱላዬን አጥብቄ ያዝኩ። ቀይ ፕላስተር በዚያ ቤት የለም። እንደገና ገፋ። መጀመሪያ ጣቶቿን አገኘ፣ ከዚያ እጅጌዋን፣ በመጨረሻ ፊቷን።

«እዚህ ነሽ» አለ።

ራንዲም «ያኔም እዚህ ነበርኩ» አለች።

ዋፍሉን ወደሚያየው በኩል አስጠጋችለት። ጥቂት ከበላን በኋላ፣ ሳህኗን እያየች፣ «ስለ እናታችን የተናገርከውን ግን አሁን እንዳየኸኝ እያየኸኝ ነው የተናገርከው» አለችው።

«አዎ።»

«አልተረሳኝም።»

«አውቃለሁ።»

ከዚህ የበለጠ አልተባባሉም። ስንወጣ ራንዲ በሩ ላይ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ፣ ሐሙስ ነይ ብለህ የሸኘኸኝ አንተ ነህ» አለችኝ። ልመልስላት ፈለግሁ፤ ቃሉ ከሩቅ ነበር። ብርዱ ቤቷ ውስጥ እየገባ በሩን ከፍታ ጠበቀችኝ። «ይቅርታ» እስክል ድረስ ጠበቀችኝ።

በጥር ወር ለሃልቮር ደሴቱ ላይ፣ ከራንዲ ቤት ብዙ ያልራቀ፣ ረዳት የሚመላለስበት አንድ ክፍል ተሰጠው። የሄደ ለት አልጋውን ሌላ ሰው ያዘው፤ ስሙን አልያዝኩትም። እኔም በየካቲት ከፀጉር ማስተካከያ ሱቄ በላይ ወዳለው ቤቴ ተመለስኩ። ጠዋት ጠዋት ካልሲዬን የምታደርግልኝ ሴት ትመጣለች፤ ደኅና ሴት ናት፣ ቶሎ ትሄዳለች። ሱቁን ወጣቶች ተከራይተው ስልክ ይጠግኑበታል። አሁን መናገር እችላለሁ፤ ይህንንም በግራ እጄ ጽፌዋለሁ፤ አንድ ክረምት ሙሉ ወስዶብኛል። ግን ቃል የሚመጣልኝ ሰው ሲጠብቀኝ ነው፤ የሚጠብቅ ሰው ብዙ የለም።

ሃልቮር መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። በስልክ ፊት ስለማይታየኝ ምላሴ ይባስ ይታሰራል። «አለህ?» ይላል፤ እኔ በጥፍሬ ስልኩን እመታለሁ፤ እሱ ያወራል። አሁን የሚደውለው አልፎ አልፎ ነው። ባለፈው ሲደውል፣ ራንዲ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ካርታ እንደሚጫወቱ ነገረኝ። በግራው ትቀመጥና ካርታዋን ሳያይ ታታልለዋለች። ስለ እናታቸው ግን እስከ ዛሬ አያነሡም።

ደስ ብሎኛል ልለው ፈለግሁ። ጥርሴን ነክሼ ቃሉን ስጎትተው ሃልቮር ትንሽ ጠበቀኝ፤ ከዚያ በር ላይ ሰው መጣ መሰለኝ፣ «እሺ በል፣ ደኅና ሁን ወንድሜ» ብሎ ዘጋው። ቃሉ ከዚያ በኋላ መጣ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ተናገርኩት፤ ሳይሰናከል፣ ሙሉውን።